ሊኑክስ ላይ ባክአፕ፦ መብራት በየመሃሉ እየሄደ እንዴት ላድርገው?

ጠያቂ፦ የኮዬዋ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሊኑክስ ሚንት ነው። ዊንዶውስን የተውኩት ቫይረስ አማሮኝ ነው፤ የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆንብኝ ነበር። አሁን ባለ አንድ ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፣ ሥራዬን በሙሉ ላስቀምጥበት ብዬ። ግን ኮፒ ፔስት እያደረግኩ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። ሲመጣ የቱ እንደተገለበጠ፣ የቱ ግማሽ ላይ እንደቀረ አይታወቅም፣ እንደገና ስጀምረው ደግሞ ይተካ ይለፍ እያለ ያደርቀኛል። ታይምሺፍት የሚባለውን የባክአፕ ፕሮግራም ብሞክር ዲስኩን ጭራሽ አልቀበልም አለኝ። ዲስኩ ኤክስፋት ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም የሚያነበው ዓይነት ፎርማት። ፎርማት ላድርገው? ትእዛዝ መጻፍ አይሆንልኝም፣ እህታችሁን በሚገባኝ አማርኛ አስረዱኝ።

መልስ፦ የገላኑ

እህቴ፣ ታይምሺፍትን ለዚህ ሥራ እርሺው። እሱ ሲስተሙን ለመመለስ ነው የተሠራው፤ አፕዴት አድርገሽ ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢልሽ ወደ ቀድሞው ይመልስልሻል። የሆም ፎልደርን ግን ካልነገርሽው ይዘለዋል፣ የደንበኞችሽ ሥራ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ዲስኩን እምቢ ያለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም (ዲስኩ ፎርማት የሚደረግበት ዓይነት) ስለሚፈልግ ነው።

ላንቺ የሚሆነው አርሲንክ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ነው፣ ዛሬም ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። ትእዛዝ ካስጠላሽ ከሶፍትዌር ማናጀር ግርሲንክ የሚባለውን ጫኚ፤ ያው አርሲንክ ነው፣ ግን በማውስ። ከላይ ምንጩን፣ ከታች መድረሻውን ትሰጪዋለሽ። የሚገርመው ነገር፣ የፋይሉን መጠንና የተቀየረበትን ሰዓት እያየ ያልተለወጠውን ይዘለዋል። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያንኑ መልሰሽ ታስጀምሪዋለሽ፣ የቀረውን ብቻ ይጨርሳል። ግማሽ የተገለበጠ ፋይልም አያታልልሽም፤ ተጽፎ እስኪያልቅ በጊዜያዊ ስም ነው የሚቀመጠው።

መድረሻው ላይ ያለውን ሰርዝ የሚል ሳጥን አለው፣ እሱን ለጊዜው አትንኪው። ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከዲስኩ ይጠርጋል። የምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ (/) ካለች ይዘቱን ብቻ ይገለብጣል፣ ከሌለች ፎልደሩን ራሱን። ሰርዝ የሚለው ተመርጦ ስላሿ ካለች፣ መድረሻውም ዲስኩ ራሱ ከሆነ፣ ሌላ ያስቀመጥሽው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። መጀመሪያ ሙከራውን አስኪጂው፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ዘርዝሮ ያሳይሻል።

መልስ፦ ሰበታ ሚንት

የገላኑ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ዲስኩንም ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ፎርማት አድርጊው። ኤክስፋት ጆርናል፣ ማለትም ሊያደርግ ያለውን ለውጥ ቀድሞ የሚመዘግብበት ማስታወሻ፣ የለውም። በኛ ሰፈር መብራት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እየጻፈ ሳለ ሲቋረጥ ኤክስት4 ጆርናሉን አይቶ ራሱን ያስተካክላል፣ ኤክስፋት ግን ሊዘበራረቅ ይችላል። ደግሞ የፋይል ፈቃድና ባለቤትነት ኤክስፋት ላይ አይቀመጥም። ዲስክስ በሚለው ፕሮግራም ፎርማት ታደርጊዋለሽ፣ በእርግጥ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ቀድመሽ አውጪው። ሲያልቅ ቦታው አነሰብኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ኤክስት4 አምስት በመቶውን ለሲስተሙ ብሎ ይይዛል።

መልስ፦ ቡራዩ ነኝ

እኔ አልስማማም። ነገ ማዘርቦርዱ ቢቃጠልባትስ? ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ማመልከቻዬን አምጪ እያለ፣ ጎረቤት ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፣ ኤክስት4ን ደግሞ እንዲሁ ሰክተሽ አይከፍትልሽም። የሷ ፋይል ዶክመንትና ስካን ነው፣ ፈቃድና ባለቤትነት ምን ያደርግላታል? ካልሆነ ለሁለት ይከፈል፤ ትልቁ ኤክስት4፣ ትንሹ ኤክስፋት ሆኖ የሰሞኑ ሥራ ይቀመጥበት።

ሌላም አለ። የሰው መታወቂያና ፓስፖርት ስካን ያለበት ዲስክ ሳይቆለፍ በቦርሳ ሲዞር ደስ አይልም። ኤክስት4 የምታደርጊውን ክፍል ፎርማት ስታደርጊ ሉክስ የሚለውን ምረጪና በይለፍ ቃል ዝጊው። ቃሉን ከረሳሽው ግን ማንም አይከፍትልሽም፣ እኛም ብንሆን።

የኮዬዋ ጸሐፊ

ተባረኩ። ለሁለት ከፈልኩት፣ ግርሲንክም እየሠራ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። በማውስ ወደ ትንሹ ክፍል ስገለብጥ አለቀ ይለኛል፣ የዲስኩ መብራት ግን ብልጭ ብልጭ ማለቱን አያቆምም። ሁለተኛ፣ ከድሮው የዊንዶውስ ፍላሽ ወደ ኮምፒውተሩ ስገለብጥ አንዳንዱ ፋይል ስሙ ረዘመ ብሎ እምቢ ይላል።

መልስ፦ የገላኑ

ብልጭታው እውነቱን ነው የሚነግርሽ፣ አለቀ ያለሽ መስኮት ነው የቸኮለው። ሊኑክስ የምትገለብጪውን መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ያቆየዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ዲስኩ ይጽፈዋል። ኢጀክት በዪና ማውጣት ትችያለሽ እስኪል ጠብቂ። ሲዘገይ ተናደሽ ገመዱን እንዳትነቅዪው።

የስሙ ነገር ደግሞ አማርኛ ስለሆነ ነው። ኮምፒውተርሽ በሚጠቀመው ኤክስት4 ላይ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፣ አንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ዎርድ የጽሑፉን የመጀመሪያ መስመር ስም አድርጎ ሲያስቀምጥ በቀላሉ ያልፈዋል። ስሙን እዚያው ፍላሹ ላይ አሳጥሪና ገልብጪ። እኔ ጋ የመጣ አንድ የይዞታ አቤቱታ ስሙ ብቻ ሁለት መስመር ነበር።