ዝናብ ያዘለ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው፤ ከተዳፋት ሥር ላለ ቤት በሁለት ቀን ምን ይደረግ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር የተነሣው ሐሩራማ አውሎ ነፋስ ከነገ ወዲያ ማታ እኛ ጋ ይደርሳል ተብሏል። ትንበያው በ24 ሰዓት ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይላል። ቤታችን ተዳፋት ሥር ነው። ወለሉ ከግቢው የሚበልጠው በአንድ ደረጃ ብቻ ሲሆን ከጀርባ በ40 ሜትር ርቀት ዝናብ ሲጠፋ የሚደርቅ ወንዝ አለ። እናቴ የምትራመደው በምርኩዝ ነው። ነፋሱ ተዳክሟል ስለተባለ ጎረቤቶች አደጋው ያለፈ መስሏቸዋል። ልክ ናቸው? በሩ ላይ ስንት ጆንያ አሸዋ ይበቃል? መብራቱንስ መቼ ላጥፋ?

ዝናብ ለኪ፦ ልክ አይደሉም። ለአውሎ ነፋስ ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ደረጃ የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው የሚናገረው። የዝናቡን መጠን በዋናነት የሚወስነው አውሎው ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚጓዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቬይ የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ቴክሳስ ላይ ነፋሱ ከተዳከመ በኋላ ለቀናት ከአካባቢው አልርቅ ብሎ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የተለካበት ቦታ አለ። የትንበያው ካርታ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ሾጣጣም የአውሎውን መሃል ሊሆን የሚችል መንገድ ያሳያል እንጂ የዝናቡን ዳርቻ አያሳይም።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያዎ 100 ካሬ ሜትር ከሆነ 150 ሚሊ ሜትር ማለት 15,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ከተዳፋቱ የሚወርደው ገና አልተቆጠረም። ዛሬውኑ አሸንዳውን ያስጠርጉ፤ የመውረጃውንም ጫፍ በቱቦ ቀጥለው ከመሠረቱ ያርቁት። ከቀኑ ድምር ይልቅ የሰዓቱን ትንበያ ይከታተሉ። ቀኑን ሙሉ ተበትኖ የሚዘንብ 150 እና በአንድ ሰዓት የሚወርድ 60 አንድ አይደሉም፤ ደራሽ ጎርፍ የሚያስነሣው ሁለተኛው ነው። መሬቱ አስቀድሞ ውሃ ከጠገበ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል።

ግንበኛው፦ ስለ ጆንያው። 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ክትር በአንድ ሜትር ርዝመት 20 ገደማ ይፈልጋል። ከፍታውን ወደ 60 ቢያሳድጉት ግን ወደ 70 ይደርሳል፣ ምክንያቱም ከታች ያለው ወርድ የከፍታውን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ እንደ ግንብ የተደረደረ ጆንያ ውሃ ሲገፋው ይገለበጣል። ለበርዎ ግራና ቀኙን ጨምረው 1.5 ሜትር ቢይዙ 30 ይበቃል።

ጆንያውን ጢም አድርገው አይሙሉት። ግማሹን ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ሞልተው አፉን ወደ ታች አጥፈው ያስተኙት። ጢም ያለ ጆንያ ድንጋይ ሆኖ መሃሉ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ያልሞላው ግን ሲረግጡት ይተኛና ይገጥማል። ሁለተኛውን ረድፍ እንደ ብሎኬት የታችኛው መጋጠሚያ ላይ ያሳርፉ። ከሥሩና ውሃው በሚመጣበት በኩል የፕላስቲክ ሸራ ያንጥፉ። ያም ሆኖ ማስረጉ አይቀርም፤ ውሃውን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም።

አንድ አባል፦ ታዲያ በሩን አንድ ሜትር አድርጎ መክተር አይሻልም?

ግንበኛው፦ አይሻልም። ውጭ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ውሃ ቆሞ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ግፊቱ ግድግዳውን ሊያፈርሰው ይችላል። እዚያ ከደረሰ ውሃው ቢገባ ይሻላል፤ ወለል ይታጠባል፣ የወደቀ ግድግዳ ግን ሰው ይገድላል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የፍሳሽ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ ቢመጣስ? መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ለቤቱ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ኢንቨርተርም አለን።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከበሩ በፊት የሚገባው በዚያ ነው። ዋናው መስመር ሲሞላ ፍሳሹ ዝቅ ያለውን ቀዳዳ ይፈልጋል። ቋሚው መፍትሔ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ማስገጠም ነው። በሁለት ቀን ካልደረሰ አሸዋ በድርብ ፌስታል አስረሽ ቀዳዳው ላይም የሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥም አድርጊ፣ ከላይ ከባድ ነገር ጫኝበት። ክብደት የሌለው ውታፍ ተፈናጥሮ ይወጣል። ከዝናቡ በፊት የግቢውን ቦይና የመንገዱን ቱቦ አፍ ከቆሻሻ አጽጂ። ውሃ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ግን አትጠጊው እህቴ፤ የተደፈነ ቱቦ ሲለቅ ሰው ይስባል።

ኤሌክትሪሻን፦ ዋናውን ብሬከር ውሃው ወደ ግቢ ሲገባ ያጥፉ፤ ሶኬት እስኪደርስ አይጠብቁ። እግርዎ ውሃ ውስጥ ከሆነ ብሬከሩን አይንኩት። የኢንቨርተሩን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፦ ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ባትሪው ቤቱን መመገቡን አያቆምም። እሱንም ለብቻው አጥፍተው ባትሪውን ከፍ ካለ ቦታ ያድርጉ። የረጠበ ብሬከርና ሶኬት ቢደርቅም ስለሚዝግ ይቀየራል፤ ባለሙያ ሳያየው መልሰው አያብሩ።

አደጋ ጊዜ ሠራተኛ፦ ሁሉም ልክ ብለዋል፤ ነገር ግን ጆንያው ለቤቱ ነው። ለእናትዎ የሚያስፈልገው ቀድሞ መውጣት ነው። ወንዙ 40 ሜትር ላይ ነው፣ አውሎው የሚደርሰው ማታ ነው፣ ደራሽ ጎርፍ ደግሞ ከዝናቡ በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ይመጣል። ከነገ ወዲያ ቀን በብርሃን ከፍ ወዳለ ዘመድ ወይም መጠለያ ይውሰዷት። መድኃኒቷን፣ መታወቂያና ሰነዶችን በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ። የጋዝ ሲሊንደሩን ዘግተው ከቆመበት ግድግዳ ጋር አስረው ይተዉት።

እዚያው የሚያዘገይዎ ነገር ካለ ምልክቶቹን ይወቁ፦ ውሃው በድንገት መደፍረስ፣ ግንድና ቅርንጫፍ ማምጣት፣ ከላይ የሚሰማ ጉርምርምታ። በዝናብ መሃል ወንዙ ባንድ ጊዜ ከጎደለ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላይ ተደፍኗል ማለት ነው፣ ሲፈርስ ሁሉንም ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ዕቃ ሳይሉ በጎን በኩል ወደ ከፍታ ይውጡ። ተዳፋቱ ከተሰነጠቀ ወይም ዛፎቹ ካዘነበሉ ግን ናዳ ስላለ በዚያ በኩል አይሂዱ።

በመኪና ውሃ አያቋርጡ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ ሰው ይጥላል፣ 30 ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 አብዛኛውን መኪና ይወስዳል፤ ከሥሩ አስፋልቱ ተቦርቡሮ መቅረቱም አይታይም።

ጠያቂዋ፦ እናቴን ነገ ጠዋት አክስቴ ጋ አደርሳታለሁ፤ እሷ ያለችው ከፍታ ላይ ነው። የመጠጥ ውሃስ?

ዝናብ ለኪ፦ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ከአሁኑ በጄሪካን ይሙሉ። ካለቀ ያገኙትን ውሃ ለአንድ ደቂቃ እያንተከተኩ ያፍሉት፤ ቦታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ። ማገዶ ከሌለ ሽታ ያልተጨመረበት ከ5 እስከ 6 በመቶ በረኪና በሊትር 2 ጠብታ፣ ውሃው ደፍርሶ ከሆነ በጨርቅ አጥልለው 4 ጠብታ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነካውን ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም፤ ይድፉት።