ወንድሜ ፓትሮል ላይ እግሩን ተሰበረ፤ «ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው» አሉን፤ ምን እናድርግ?

ሰብሊ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ነው። ገና እዚያው ስለሚሠራ የፓርኩን ስም አልጠራም። በቀደም ሌሊት ደን ውስጥ ወጥመድ ሊያነሡ ወጥተው ከአዳኞች ጋር ተገጣጠሙ። ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ተኩሶ ሲከተላቸው ቁልቁል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ያሳከምነው ከኪሳችን ነው። ኃላፊው «ሌሊት ነው፣ የወደቀውም ራሱ ነው» አለን። ይባስ ብሎ ሁለቱን ጥይት የት አደረስክ ይሉታል። የውሎ አበልም ከቀረበት ወራት አልፎታል። በየት በኩል እንጀምር?

ጡረተኛው ስካውት
እግዜር ይማርልን እህቴ። ከጥይቱ ጀምሩ። የእግሩ ማስረጃ ሐኪም ቤት ተቀምጧል፣ የትም አይሄድም። የጥይት ነገር ግን ካደረ መልኩ ይቀየራል። እኛ ስንሠራ ክላሹም ጥይቱም ተቆጥሮና ተፈርሞ ነበር የሚወጣው። ከተተኮሰ ቀለሁን ትመልሳለህ፤ ጨለማ ሆኖ ካልተገኘም ያው ይጻፋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛው ሸንተረር ላይ፣ ወዴት ተኮሰ፣ ማን ማን አብሮት ነበር፣ ለፓትሮሉ ማን አዘዛቸው። ጓደኞቹ ይፈርሙበት። በሁለት ኮፒ አዘጋጂና አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ ማኅተም አስመቺ። በቃል ተነጋግረናል ብሎ ነገር አያዋጣም። ኃላፊ ይቀየራል።

ሕግ ቢጤ
መጀመሪያ ቅጥሩ የማን እንደሆነ እዩ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው የሚታየው። እንደ ቦረና ሳይንት ያለ በክልል የሚተዳደር ፓርክ ከሆነ ደግሞ የክልሉን አዋጅ ጠይቁ። በፕሮጀክት ወይም በድርጅት ውል ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገዛዋል። በዚህ አዋጅ «ሌሊት ነበር» የሚለው ምክንያት አይሠራም። የአሠሪን ትእዛዝ ሲፈጽም የተጎዳ ሰው ከሥራ ቦታም ከሥራ ሰዓትም ውጭ ቢሆን በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። «ራሱ ነው የወደቀው» የሚለውም እንዲሁ። ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ ሰክሮ ካልተገኘ ወይም በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ በስተቀር የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው።

ነርሷ
ካርዱን አንብቡት። «ወድቆ መጣ» ብቻ ተብሎ ከሆነ ተመልሳችሁ ሐኪሙን አነጋግሩ፤ በፓትሮል ሥራ ላይ እንደወደቀ ሕመምተኛው የተናገረው እዚያ ላይ መስፈር አለበት። የራጁን ፊልም እንዳትጥሉ። የመድኃኒት ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል፣ ፎቶ አንሡት።

አቤል ከዲሲ
ሕጉን አላውቅም። ግን ለእሱና ለጓደኞቹ ቡትስ ብልክስ? መገናኛ ሬዲዮና የሩቅ ማያ መነጽርም እዚህ በርካሽ ይገኛል።

ጡረተኛው ስካውት
አቤል ተባረክ። ሬዲዮና መነጽር ይቅር፣ ጉምሩክ ላይ ጣጣ አለው። ቡትስ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ ላክ፤ ብርድ ባለበት ካልሲ ተደርቦ ነው የሚለበሰው። የባሌውን የሳነቲ አምባ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ካልሲህ ረጥቦ ካደርክ ጠዋት እግርህ የአንተ አይመስልህም። ከቡትስም ግን የዝናብ ልብስ ይቅደም። እኛ አንዱን ካፖርት ለሁለት የለበስንበት ጊዜ ነበር፤ ተረኛው ሲወጣ የገባው አውልቆ ይሰጠዋል። ዩኒፎርሙ ፎቶ ላይ ሲታይ ግን ያምራል!

ሰብሊ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪፖርቱ ተጽፎ ሦስት ሰው ፈርሞበታል። ውሉን አየነው፣ የፕሮጀክት ቅጥር ነው። አበሉስ?

ሕግ ቢጤ
እንግዲያው 1156 ነው። አበሉን ቶሎ በሉበት። ደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል። የቆየውን ወር አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ሥራ መሥራት እስካልቻለ ድረስ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደሞዙ ይከፈለዋል፤ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ አያንስም። ወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አመልክቱ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት። ውሉን፣ ማኅተም ያለበትን ሪፖርትና ደረሰኞቹን ኮፒ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ኦሪጅናሉን ለማንም እንዳትሰጡ።