ጉቶ ላይ የበቀለው እንጉዳይ ለስኳር ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ክረምቱ ሲገባ ግቢያችን ውስጥ ካለው አሮጌ ጉቶ ላይ ቡናማ እንጉዳይ ወጣ። እንደ እንጨት ደረቅ ነው። አንድ የሰፈራችን አባት «አፍልተህ ለእናትህ ስጣት፣ ለስኳር ፍቱን ነው» አሉኝ። እማዬ የስኳር ክኒን ትወስዳለች። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ፋርማሲስት ነኝ። እባክህ አታፍላላቸው። ጋኖደርማ የሚባለው፣ እንጨት ላይ የሚበቅል ደረቅ እንጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ብቻ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጋኖደርማ ቤታ ግሉካንና ትራይተርፒን የሚባሉ ውህዶች አሉት። ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ተጠንተዋል። ጃፓንም ከሌላ የግንድ እንጉዳይ የሚወጣውን ፒኤስኬ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1977 ከካንሰር ሕክምና ጋር እንዲሰጥ ፈቅዳ ነበር። እሱ ግን ተጣርቶ፣ ተለክቶ ነው። የጉቶውን ማን ለካው? ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ስኳራቸውን ከልክ በታች ቢያወርደውስ?

መልስ 2፦ እኔ የጅብ ጥላ ሲባል ልቤ ይደነግጣል። አማቶክሲን የሚባለው መርዝ ያለበት ዓይነት ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም። ሕመሙ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ያኔ ጉበት እየተጎዳ ነው። እናትህን አደራ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ድስቱን አውርጃለሁ። ሐኪሟን ሳልጠይቅ ምንም አልሰጣትም።