ዝናብ ሲጥል ተማሪ ይያዝ ወይስ ይለቀቅ? ለወላጅስ በምን ይነገር? (አዳማ)

ጠመኔ፦
የዘንድሮ መክፈቻ ሳይደርስ እንከራከርበት። አዳማ ጋራ የከበባት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ናት፤ ከላይ የወረደው ውሃ ሰማዩ ካባራ በኋላም መንገዱን ይሞላዋል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው። ልጆቹን የሚያገኛቸው የሰኔ ፈተና፣ የመስከረም መግቢያና የበልግ ዝናብ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ በመለቀቂያ ሰዓት። የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ጎርፍ ካለ ተማሪ ከግቢ አይወጣም፣ ለወላጅ በቴሌግራም ይነገራል። ትስማማላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦
መያዙን እስማማለሁ። የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ትልቅ ሰውንም እግሩን ሊያስት ይችላል፣ የ7 ዓመት ልጅማ ምኑ ይቆማል? ደግሞ ውሃው ብቻ አይደለም፣ ዲቹ ነው። ክዳኑ የጠፋ ዲች ላይ ቡናማ ውሃ ሲተኛበት አስፋልቱና ጉድጓዱ አንድ ይመስላሉ። የውሃ ላስቲክና ሃይላንድ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር ካያችሁ እዚያ ሥር ክፍት አለ ማለት ነው። ልጅ ይህን አያይም፤ ሃይላንዱን ሊያነሳ ነው የሚሄደው።

ፈረቃ፦
እህቴ፣ የአንድ ፈረቃ ትምህርት ቤት ላይ ልክ ነሽ። በሁለት ፈረቃ ግን ጠዋት የገባው ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከጣለ በአንድ ክፍል 60 የነበረው 120 ሊሆን ነው። የከሰዓቱን ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብትይዢው መስከረም ላይ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨልሟል። ከጎርፍ አድነሽ ለጨለማ መስጠት ነው። ትልልቆቹ በቡድን በቡድን፣ በሰፈር ተከፍለው ከመምህር ጋር ይውጡ።

ጠመኔ፦
በቡድን መውጣቱ ጥሩ ነው፣ ግን መብረቅ ካለ አይሆንም። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ ቁጠሩ። ለ3 ሲካፈል ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 30 ሳይሞላ ከነጎደ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው፣ ማንም ሜዳ ላይ አይቁም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። በመካከል እንደገና ከነጎደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው፤ ዝናቡ ስላባራ ብቻ በሩ ይከፈታል።

ዲች፦
ውሃውን በምን ትለኩታላችሁ? «ጎርፍ ካለ» የሚል መመሪያ ዘበኛውን ዳኛ ያደርገዋል። የበሩ ምሰሶ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀይ መስመር ይቀባ የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም፣ ምክንያቱም በሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ልጁ የሚሻገረው ዝቅተኛ ቦታ 200 ሜትር ወዲያ ነው። ምልክቱ መሻገሪያው አጠገብ ባለ የመብራት እንጨት ላይ ይሁን፣ የሚያየውም ሰው በስም ይመደብ።

ኔትወርክ፦
አሁን ወደ ቴሌግራሙ። ባለ በተን ስልክ የያዘ ወላጅ አለ፤ እሱ ዘንድ ቴሌግራም የለም። ሁለተኛ፣ ግሩፕ ከሆነ ማስጠንቀቂያው ከበዓል መልካም ምኞትና ከሃምሳ «አሜን» ሥር ይቀበራል። ብዙ ሰው ደግሞ ድምፁን ዘግቶታል። ቻናል ይሻላል፤ የሚጽፈው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፣ ስንት ሰው እንዳየውም ይቆጥራል። ማን እንዳላየው ግን አይነግርም።

ኤስኤምኤስ ተራ ስልክ ላይም ይገባል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። በእኛ ፊደል አንዱ መልእክት 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ እየተቆረጠ 67፣ 67 ሆኖ ይሄዳል፣ ሒሳቡም በዚያው ይባዛል። ቁቤ (የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት) በላቲን ፊደል ስለሆነ 160 ይይዛል። ስለዚህ «አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንድታደርጉ እናሳስባለን» ብሎ ቦታ መጨረስ ክልክል ነው። ያ አባባል ወላጅን ምንም አያስደርገውም። ይህን ተመልከቱ፦

«ጎርፍ አለ። ልጆች ግቢ ውስጥ ናቸው። አትምጡ። 11:30 ላይ እንነግራችኋለን።»

ከነክፍተቱ 49 ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
የየትኛው ትምህርት ቤት? ልጆቼ ሁለት ቦታ ነው የሚማሩት። ከርዕሰ መምህሩ የግል ስልክ ከመጣማ ቁጥሩን አላውቀውም።

ኔትወርክ፦
እውነትሽን ነው። 21 ምልክት ተርፎናል፣ የትምህርት ቤቱ ስምና ቀኑ ይግቡበት። ቀኑ የግድ ነው። በዝናብ ጊዜ ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክት ተንጠልጥሎ ያድርና በማግሥቱ ይገባል። ቀን የሌለው «አትምጡ» ፀሐይ በወጣበት ቀን ሲደርስ ልጅ በር ላይ ይቀራል።

ባለ ባጃጅ፦
«አትምጡ» ለኮንትራት ባጃጅም ይነገር። ወላጁ አውቆ ሾፌሩ ሳያውቅ ቀርቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ ባጃጅ ከዚያ ይቀላል። ሞተሩም ከኋላ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ውሃ ሲገባው መንገድ መሐል ያጠፋል፤ ስድስት ልጅ ይዘህ ወዴት ትወርዳለህ? ሌላው ደግሞ፣ ዘግይተን ስንመጣ «ማነህ አንተ?» እንባላለን። ልጁን የሚቀበሉ ሦስት ሰዎች ስምና ስልክ አስቀድሞ ይመዝገብ፣ ዝርዝሩም ክፍል መምህሩ እጅ ላይ ይሁን። ቢሮ ተቆልፎበት ከዋለ የለም ማለት ነው።

ፈረቃ፦
በዚህ ላይ ከባለ ባጃጁ ጋር ነኝ። ግን አሁንም ስልክ ላይ ብቻ ነው የምታወሩት። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። መስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይነገር፣ ልጁ ቤት ወስዶ ይናገራል። ወላጅ ዝናቡ ከመጣ በኋላ ሕጉን መማር የለበትም፤ ያን ዕለት የሚያስፈልገው ልምጣ ወይስ አልምጣ የሚለው ብቻ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ «ዝናብ ሲዘንብ ትምህርት የለም አሉ» ብሎ ነው ቤት የሚገባው! ወረቀት ይሂድ፣ ተፈርሞ ይመለስ።

ዲች፦
ወረቀቱም ይሂድ፣ ሙከራም ይደረግ። በደረቅ ቀን፣ «ሙከራ ነው» ተብሎ የተጻፈበት ኤስኤምኤስ ይላክ። ልጁ በማግሥቱ መልእክቱ ውስጥ ያለውን አንድ ቃል ከቤት ይዞ ይምጣ፤ ለምሳሌ «ማንጎ»። ልጁ ቃሉን ካላመጣ መልእክቱ ቤቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ ወይ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ወይ የተመዘገበው የአጎት ስልክ ነው።

ፈረቃ፦
ማንጎው ጥሩ ነው። ቃሉን ያላመጡትን ቤት እየዞረ ቁጥር የሚያስተካክለው ግን ማን ነው? 60 ልጅ የያዘው መምህር ከሆነ አሁኑኑ ንገሩት፤ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ከሆነ ደግሞ የማንን ሰፈር ማን እንደሚይዝ እዚሁ እንከፋፈል።