ስድስት ወር ሊሞላት ነው፣ ምን ልግዛላት? ምግብ ለምታስጀምሩ እናቶች ጥቆማ

የወንድሜ ሚስት ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። ልጇ አምስት ወር ከአሥር ቀን ሆኗታል። እሷም ወደ ሥራ ከተመለሰች ወር አልፏታል። «ሞግዚቷ ወተቱ አይበቃትም ትለኛለች። እማማ ደግሞ አጥሚት ቀምሳ ብትተኛ ምን አለበት ይላሉ። ምን ልግዛላት?» አለችኝ። እማማ የምትላቸው የኔን እናት ነው።

ዘንድሮ ይህን ስትጠይቀኝ አራተኛዋ ሰው ናት። ስለዚህ በሁለት ልጆቼ ያየሁትን፣ የገዛሁትንና የተመላለስኩበትን ሁሉ እዚህ ልጻፈው። የምጽፈው አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ በገበያችሁ ተኩት።

ከመግዛት በፊት ቀኑን እንጨርስ። የዓለም ጤና ድርጅትም የኛ ጤና ሚኒስቴርም የሚሉት አንድ ነው። እስከ ስድስት ወር፣ ማለትም 180 ቀን፣ ጡት ብቻ። ውሃም የለም። ከዚያ ምግብ ይጀመራል፤ ጡቱ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ልጅ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወለደው የብረት ክምችት በስድስት ወር አካባቢ እየተሟጠጠ ይሄዳል። የጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ማስቀደሙ ብቻ ሳይሆን ሰባትና ስምንት ወር ድረስ ማዘግየቱም ይጎዳል።

ልጅቷንም እዩአት። አንገቷ ጸንቷል? ደገፍ ስታደርጓት ትቀመጣለች? ማንኪያ ሲቀርብ አፏን ትከፍታለች ወይስ በምላሷ ገፍታ ታወጣዋለች? እጇን መብላቷ ግን ምልክት አይደለም። የሦስት ወር ልጅ ሁሉ እጁን ይበላል። ሌሊት ደጋግማ መነሳቷም ራበኝ ማለት ላይሆን ይችላል። ያለ ጊዜዋ የተወለደች ከሆነ ቀኑን ከሐኪም ጋር ቁጠሩ።

የመጀመሪያ ልጄን ያስጀመርኩት አራት ወር ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ሁለት ወር ተኩል ይቀራል። ብዙዎቻችን ምግብ የምናስጀምረው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ «አራት ወር ከሞላው ይችላል» ብሎኝ ነበር። ቀጭን አጥሚት በጡጦ፣ የጡጦውን ጫፍ በመቀስ ሰፋ አድርጌ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሳምንት ተቅማጥ ያዘው። 6.8 ኪሎ የነበረው ልጅ 6.3 ሆኖ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። አጥሚቱ ሆዱን ይሞላዋል፣ ጡት መጥባት ይቀንሳል፣ የኔም ወተት አብሮ ይቀንሳል። ጡጦው ደግሞ ቢቀቀልም በየጥጉ ቆሻሻ ይይዛል።

ለሁለተኛዋ የገዛሁት ምግብ ሳይሆን የጡት ወተት ማለቢያ ነው። ሥራ ለገባችሁ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ይኼ ነው። ፋርማሲ ውስጥ በእጅ የሚሠራም በቻርጅ የሚሠራም አለ። እኔ የእጁን እመርጣለሁ። ለማጠብ ቀላል ነው፣ መብራት ሲጠፋም አያስጨንቅም። የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ ቢበዛ ለአራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሞግዚቷ በቡና ስኒ ትስጣት። አዎ፣ በስኒ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ይፈስባታል፤ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ከንፈሯን ስኒው ጠርዝ ላይ ታደርጋለች።

ምክር ከየት? ጤና ጣቢያ ሂዱ። የግል ክሊኒክ ወረፋው አጭር ነው፣ ሐኪሙም ተረጋግቶ ያያችኋል። ለሕመም ጥሩ ነው። ለምግብ ጉዳይ ግን ጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶችና የሠፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይሻላሉ፤ በየቀኑ የሚያዩት እሱን ነው፣ በነፃም ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ከ14 ሳምንቱ ክትባት በኋላ የሚመጣው የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ነው። በመሀል ማንም አይጠራችሁም። ምግብ የሚጀመረው ደግሞ ልክ እዚያ መሀል ነው። ስለዚህ ስድስት ወር በሞላት ቀን በራሳችሁ ውሰዷት። የመጀመሪያዋ ቫይታሚን ኤ በስድስት ወር ናት፤ እሷንም ትወስዳለች፣ ትመዘናለች፣ የምትጠይቁትንም ትጠይቃላችሁ።

አሁን ወደ ዱቄቱ። አራት መንገድ አለ፤ አራቱንም ሞክሬአለሁ።

ከውጭ የሚገባው ሴሬላክ ቶሎ ይዘጋጃል፣ ብረትም ተጨምሮበታል። መንገድ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል። ግን ጣፋጭ ነው። ፐብሊክ አይ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ያወጣውን አንብቡ። ለስድስት ወር ልጅ የተሠራው የስንዴ ሴሬላክ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ምግብ ከ5 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር ሲገኝበት፣ ጀርመንና እንግሊዝ የሚሸጠው ግን ምንም እንዳልነበረበት ጽፏል። ኩባንያው የየአገሩን ሕግ አክብሬ ነው የምሠራው ብሏል። 5 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። በስኳር የጀመረ ልጅ ምስር ስትሰጡት ፊቱን ያዞራል፤ የመጀመሪያ ልጄን ከዚያ ለመመለስ ወራት ፈጅቶብኛል።

አገር ውስጥ ከሚመረቱት ፋፋና ሴሪፋም በየሱቁ አሉ። ፋፋ የኛም እናቶች የሚያውቁት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር በተሠራ ሥራ ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀ የእህልና የጥራጥሬ ድብልቅ ነው። ጊዜ ለሌላት እናት ከዚህ ብትጀምር አልከፋም። መብሰል ይፈልጋል። ማሸጊያው ላይ ቀኑንና የተሠራበትን ነገር ዝርዝር እዩ። ስኳር ከፊት ከተጻፈ ሌላ ፈልጉ።

ባልትና ቤቶችና ቴሌግራም ላይ የሚሸጠው የልጅ ምጥን በጣም ይለያያል። አሥራ አምስት ዓይነት እህል ገብቶበታል ሲሏችሁ አትደሰቱ። ልጅቷ ሽፍ ቢልባት ከየትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? መቼ ተፈጨ፣ ኦቾሎኒ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኦቾሎኒ ሻጋታ ከነካው አደገኛ ነው፣ ተፈጭቶ ሲመጣ ደግሞ አይታይም። መልስ የሌለው ሻጭ ጋ አትግዙ።

እኔ የምመርጠው ቤት የተዘጋጀውን ነው። እህሉን መርካቶ እህል በረንዳ ወይ ሾላ ገበያ ግዙ። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ገብስና አጃ፣ ጤፍም ቢሆን፤ ከጥራጥሬ ሽምብራ ወይ ምስር። በቃ። ልቅም አድርጋችሁ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ለየብቻ አመስ አድርጉት። ቡላ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ለብቻው አይሁን።

ወፍጮ ቤቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ያስፈጨሁትን ምጥን ቤት አምጥቼ መዳፌ ላይ ዘርግቼ ሳሸተው በርበሬ በርበሬ አለኝ። ብርሃን ላይ ሳየው ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። ከኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ በርበሬ አስፈጭታ ነበር። አራት ኪሎውን ለቤት አዋልኩት። አሁን ጠዋት ገና ሲከፍቱ እሄዳለሁ። መጀመሪያ አንድ ኪሎ ስንዴ አስፈጫለሁ፤ ወፍጮውን ጠርጎ የሚወጣው እሱ ነው። ያንን ለዳቦ አደርገዋለሁ። ምጥኑ ቀጥሎ ይገባል። በብዛትም አላስፈጭም፤ የወር ብቻ።

ሲበስል ወፍራም ይሁን። ማንኪያውን ስታዘነብሉት የሚፈስ ከሆነ ውሃ እያበላችኋት ነው። ሆዷ ትንሽ ስለሆነ በውሃ አትሙሉት። በጣም ከጠጠረ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሩና መልሳችሁ አንድ ጊዜ አፍሉት፤ ውሃ ሳይጨመር ይለሰልሳል። ትንሽ ዘይት ወይ ቅቤ ጠብ አድርጉበት። ጨውና ስኳር አያስፈልግም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላት በፍጹም፤ ሕፃንን የሚመርዝ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ሁለት ሦስት ማንኪያ በቀን ሁለቴ ይበቃታል፤ ስምንት ወር እስኪሞላት ቀስ እያላችሁ ወደ ግማሽ ብርጭቆ ታደርሱታላችሁ።

ደግሞ ገንፎ ላይ አትቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይኼን ቁጥር ሳነብ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም። የጎደለው እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ አትክልቱና ፍራፍሬው ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ አስሉት፤ በአንድ ጣሳ ሴሬላክ ዋጋ ስንት እንቁላል ይገዛል? በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ከነአስኳሉ ከነነጩ ከስድስት ወር ጀምሮ ይሰጣል። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ፣ በደንብ አብስላችሁ በማንኪያ ጫፍ ፍቃችሁ ገንፎው ላይ። ብረት የሚፈልገው ሰውነቷ ከዚህ በላይ ምግብ የለውም። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ በሹካ ተጨፍልቆ። ብሌንደር አትግዙ፤ ሹካና ወንፊት ይበቃል። አዲስ ነገር በሁለት በሦስት ቀን አንድ ብቻ አስጀምሩ።

ጾም ሲገባ የሚመጣውን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ሕፃን አይጾምም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ ዕቃው ነው። የጾም ድስት እንዳይነካ ተብሎ የልጁ እንቁላል ሁለት ወር ይቀራል። እኔ የልጄ ብቻ የሆነች ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ገዛሁ። ማጠቢያዋም ለብቻ። እናቴም አይታ «እንዲህ ከሆነስ» አለች፤ ከዚያ ወዲህ በዐቢይ ጾም እንቁላሉን ራሷ ነው የምትቀቅልላት።

ለወንድሜ ሚስት የነገርኳት ይኼንኑ ነው። ማለቢያውን ሰኞ ገዛች። የሞግዚቷን ነገር ደግሞ እናቴ ያዘችው፤ ጠዋት ጠዋት እየሄደች ስኒውን ከሷ ጋር ትይዛለች። ሃያ ቀን ገደማ ቀርቷቸዋል። ገብሱና ሽምብራው ታጥቦ በረንዳዬ ላይ እየደረቀ ነው። ድስቷን ሾላ አይቻታለሁ፣ ቅዳሜ እገዛላታለሁ።