ላይነስ የሚጠብቀው ዱባ፦ ጣዖት ነው ወይስ ቀልድ?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለወላጆች በተነበበ ማሳሰቢያ «ፒናትስ» የተባለው የጋዜጣ ሥዕላዊ ቀልድ «ልጆችን ዱባ ማምለክ ያስተምራል» ተብሎ ከልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ይውጣ ተባለ። ኦክቶበር 31 ማታ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ የሚለቅሙበትን ሃሎዊንን እኔም አልወድም፤ ልጆቼን የአጽም ልብስ አላለብስም። ግን ማሳሰቢያውን የጻፈው ሰው አንዲት ገጽ አንብቦ ያውቃል? ላይነስ የሚባለው ልጅ ጓደኞቹ ከረሜላ ሲለቅሙ ዱባ እርሻ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ታላቁ ዱባ» ስጦታ ይዞ እስኪመጣ ይጠብቃል። አይመጣም። በቃ። ዝም ብሎ ሥዕል ነው!

ደብተራው፦ «ዝም ብሎ ሥዕል»? እህቴ፣ በሥዕለ አድኅኖ ፊት የሚሰግድ ሕዝብ ልጅ ሆነሽ ነው ይህን የምትጽፊው? እንዲያ ከሆነ አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በከንቱ ነው ያስጌጡት። ልጁ ለዱባው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሌሊቱን ይጠብቀዋል፣ ለሌሎችም ይሰብክለታል። ይህ አምልኮ ካልሆነ ምን እንበለው?

ጋዜጣ አንባቢ፦ ከመፋረዳችሁ በፊት። ታላቁ ዱባ በጋዜጣ መነሣት የጀመረው በፈረንጆች ኦክቶበር 1959 ነው። ሠዓሊው ቻርልስ ሹልዝ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበር። በ1965 በቴሌቪዥን በቀረበው የገና ፊልም መድረክ ላይ ቆሞ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን በቃሉ የሚወጣው ማን ነው? ይኸው «ዱባ አምላኪው» ላይነስ! የተቀለደው ስጦታ ያመጣል በሚባለው የገና አባት፣ በሳንታ ክላውስ ላይ ነው፤ ልጁ የገናን ነገር ሁለት ወር አስቀድሞ ለሃሎዊን አወረሰው።

ከአትላንታ፦ ሹልዝ ማስተማሩ እውነት ነው። በኋላ ዘመኑ ራሱን ዓለማዊ የሰብአዊነት አራማጅ (ሃይማኖትን ሳይሆን ሰውን መሠረት የሚያደርግ) ብሎ መጥራቱን ለምን ዘለልከው? የምትወደውን ገጽ ብቻ ነው የምትገልጠው።

ጋዜጣ አንባቢ፦ ዱባው ከዚያ ብዙ ዓመት ስለሚቀድም ነዋ።

ደብተራው፦ መልስ አላገኘሁም። «ዝም ብሎ ሥዕል» ነው ወይስ አይደለም?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ደብተራው፣ ያቺን ቃል እንደ አጥንት አይጋጧት። በዱባ ሥዕል ፊት ሻማ የሚያበራ የለም ማለቴ ነው።

እኔም አባት ነኝ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አምልኮው አይደለም፤ የማያየውን የሚጠብቅ ሰው ሞኝ ሆኖ መሣሉ ነው። በ1964 ላይነስ ለተማሪዎች ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በንግግሩ መካከል ታላቁን ዱባ አነሣ፤ ሳቁበት፣ ምርጫውንም ተሸነፈ። ልጄ ከዚህ የሚማረው «እምነትህን አደባባይ አታውጣ» የሚለውን ነው። በጾም ወቅት የትምህርት ቤቱን ምሳ ሲመልስ የሚሳቅበት ልጅ ያለው ወላጅ ይገባዋል።

ጋዜጣ አንባቢ፦ ይህ ቁም ነገር ነው። እኔ ግን ገልብጬ ነው የማነበው። ከረሜላ ለቃሚዎቹስ መች ከቀልዱ አመለጡ? እንደ ላይነስ አባባል ታላቁ ዱባ የሚወጣው ከሁሉ በላይ ቅን ከሆነው እርሻ ነው። ልጁ ብርድ ላይ ያድራል፣ ይሳቅበታል፣ ዓመቱ ሲዞር እዚያው ይገኛል። እንዲህ ያለ ምእመን ስንት አለን?

ደብተራው፦ ምእመን! በራስህ አፍ አመጣኸው።

የቡሄ ልጅ፦ እኔን የሚያሳዝነኝ የላይነስ ጓደኛ ቻርሊ ብራውን ከረሜላ ፍለጋ ሲዞር በየቤቱ ድንጋይ ብቻ ሲሰጡት ነው። ደግሞስ ቡሄ ስንጨፍር ያደግን ሰዎች በር ማንኳኳትን ስንኮንን አያስቅም?

ከአትላንታ፦ ድንጋዩ የ1966ቱ የቴሌቪዥን ፊልም ነው እንጂ የጋዜጣው አይደለም። ቡሄን ደግሞ ከዚህ ጋር አታነካካ። ቡሄ ደብረ ታቦር ነው፤ ልጆቹ ጨፍረው፣ መርቀው ሙልሙል ይቀበላሉ እንጂ «ካልሰጣችሁን ወዮላችሁ» አይሉም።

የቡሄ ልጅ፦ በእናንተ ሰፈር ይሆናል። እኛ ጋ በነፈገ ባለቤት ላይ ምን ዓይነት ግጥም እንደሚወርድ እዚህ ብጽፈው ታስወጡኛላችሁ።

ደብተራው፦ ቀኑንስ አስባችሁታል? ኦክቶበር 31 በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 21 ነው፤ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል። በዚያ ቀን ልጅ ዱባ ሲጠብቅ!

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ልጄ ዱባ አልጠበቀም፤ ዱባ ስለሚጠብቅ ልጅ አነበበ። ስለ ቃየል ያነበበ ሁሉ ወንድሙን ይገድላል?

እኔም አባት ነኝ፦ ላይነስ ራሱ ከሰው ጋር የማይወያይባቸው ሦስት ነገሮች እንዳሉ ተናግሯል፦ ሃይማኖት፣ ፖለቲካና ታላቁ ዱባ።

ከአትላንታ፦ ፖለቲካው ብቻ ቀርቶናል፤ እርሱም ሩቅ አይደለም።

የቡሄ ልጅ፦ እርሱን ለነገ አቆዩት። ከሃሎዊን ማግስት ዱባ በርካሽ የሚሸጥበትን የሚያውቅ አለ? ለጾም ወጥ ነው።

ከአትላንታ፦ ለሃሎዊን ጌጥ ለመቅረጽ የሚሸጠው ዱባ ውሃ ነው፤ ወጥ አይሆንም።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ማን አለ? በየዓመቱ እሠራዋለሁ፤ ቅር ያለው እንግዳ የለም።

ከአትላንታ፦ እንግዳ መቼ ቅር ብሎት ያውቃል! በርበሬ አብዝተሽበት ይሆናል።