የፈሳሽ መስመር ሶሌኖይድ ቫልቭ መጣበቅ

ጥያቄ፦ ከባቱ ወደ ቦሌ አበባ በሚያመላልስ ባለማቀዝቀዣ የጭነት መኪና ላይ ኮምፕሬሰሩ እየሠራ የሳክሽን ግፊቱ (ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ጋዝ ግፊት) በጌጁ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የጭነቱ ክፍልም አይቀዘቅዝም። የፈሳሽ መስመሩን ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ማግኔት ተከፍቶ ፈሳሹን ማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያሳልፈውን) በመፍቻ ቀስ ብዬ ስመታው ለጊዜው ይከፈታል። ከመቀየሬ በፊት ምን ልመርምር?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መምታቱን ይተዉ፤ ፕለንጀሩ (ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የብረት ዘንግ) የሚንቀሳቀስበት ቀጭን ቱቦ ትንሽ ከተጎደጎደ ቫልቩ ለዘለቄታው ይጣበቃል። ቀጥሎ ኮይሉ (ማግኔቱን የሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል) እንደተገናኘና ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቮልቱን እዚያው ኮይሉ ጫፍ ላይ ይለኩ፤ የዛገ ማገናኛ ወይም የላላ ግራውንድ ካለ፣ ሽቦው ሲነቀል 12 ቮልት የሚያሳየው መስመር ጭነት ሲያርፍበት ይወርዳልና። የካቻቢቴ ጫፍ ወደ ኮይሉ አናት ሲያስጠጉ በኃይል ከተሳበ፣ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ከውስጥ መሆኑ አይቀርም።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቫልቩን ብቻ መቀየር በቂ ነው ብዬ አላምንም። ቧንቧ ያለ ናይትሮጅን ሲበየድ በውስጡ የሚፈጠረው ጥቁር የመዳብ ቅርፊት ተነቅሎ ፕለንጀሩ ሥር ይገባል፤ ምንጩ ካልጸዳ አዲሱም ቫልቭ ይጣበቃል። ስለዚህ ጋዙን በሪከቨሪ ማሽን ሰብስበው ፊልተር ድራየሩንም (ቆሻሻና እርጥበት የሚይዘውን ማጣሪያ) አብረው ይቀይሩ፤ ሲበይዱ የቫልቩን አካል በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ የፍሰት ቀስቱንም ያስተውሉ። በመጨረሻም እርጥበት እንዳይቀር አየሩን በፓምፕ አውጥተው ቫኪዩሙን እስከ 500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ አሃድ) ያውርዱ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከጭነት በፊት ከቮልቱ እጀምራለሁ።